«ሚኬል የት ነው?» ሳይሆን «ሚኬል መቼ ነው?»
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመለስናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ስለ አንድ ተከታታይ ፊልም ናቸው፤ «ዳርክ»። ባራን ቦ ኦዳር እና ያንትየ ፍሪዘ የፈጠሩት የጀርመን ሥራ ሲሆን፣ ከዲሴምበር 2017 እስከ ጁን 2020 በኔትፍሊክስ በሦስት ምዕራፍ ወጥቶ ተጠናቋል። የመጀመሪያው ምዕራፍ 10፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ስምንት ስምንት፣ በድምሩ 26 ክፍል ነው። ቪንደን በምትባል፣ በደን በተከበበችና የኑክሌር ጣቢያ ባላት የልብወለድ ከተማ ልጆች ይጠፋሉ፤ የጠፉት ግን ወደ ሌላ ቦታ ሳይሆን ወደ ሌላ ዘመን ነው። ታሪኩን የሚገልጥ መልስ ሲመጣ አስቀድመን እንናገራለን። ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ የአውሮፓውያን ናቸው።

«ሦስተኛው ክፍል ላይ ሰዎቹ ሁሉ ተቀየሩብኝ። እንደገና ከመጀመሪያው ልጀምር?» (ከሀዋሳ)

አይጀምሩ። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ የተቀየረው ዓመቱ ነው። ሦስተኛው ክፍል የሚካሄደው በ1986 ነው። በ2019 የሦስት ልጆች አባትና ፖሊስ ሆኖ ያዩት ኡልሪኽ እዚህ ጎረምሳ ነው፤ በ2019 እናት የሆኑት ሴቶችም ተማሪ ናቸው። አብዛኛው ተመልካች የሚጠፋው እዚህ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ 1953 በሚገባበት ስምንተኛው ክፍል ላይ። ሁለቱን ክፍሎች በእንቅልፍ ሰዓት አይጀምሯቸው።

መፍትሔው አንድ ወረቀት ነው። ኤ4 ወረቀት አጋድመው አምስት ዓምድ ያስምሩ። በመካከለኞቹ ሦስት 1953፣ 1986 እና 2019 ይጻፉ፤ ግራና ቀኝ ያሉትን ባዶ ይተዉ፣ ለምን እንደሆነ በኋላ ያውቁታል። ወደ ታች ለአራቱ ዋና ቤተሰቦች አራት ረድፍ፦ ካንቫልድ፣ ኒልሰን፣ ዶፕለር፣ ቲደማን። በየሳጥኑ ስም፣ ግምታዊ ዕድሜና አንድ የአካል ምልክት ያስገቡ። ምልክቱን አይዝለሉት። አንዱን ሰው በሦስት ዘመን ሦስት ተዋንያን ስለሚጫወቱት ፊት ያታልላል፣ ምልክት ግን አያታልልም። የክላውዲያ ቲደማን ሁለት ዓይኖች ቀለማቸው የተለያየ ነው፤ የሄልገ ዶፕለር ጆሮ ጠባሳ አለበት። ጠባሳው በየትኛው ዘመን አለ፣ በየትኛው የለም የሚለውም ራሱን የቻለ ፍንጭ ነው። በእርሳስ ይጻፉ፤ መሰረዝዎ አይቀርም።

የእኛ ሰው በተለይ የሚሳሳትበት ቦታም አለ። እኛ ዘንድ ሴት ብታገባም የአባቷን ስም እንደያዘች ትኖራለች። ቪንደን ውስጥ ግን ሃና በልጅነቷ ክሩገር ናት፣ ስታገባ ካንቫልድ ትሆናለች፤ ካታሪና ከአልበርስ ወደ ኒልሰን ትሻገራለች። አሌክሳንደር ደግሞ በተቃራኒው የሚስቱን ስም ወስዶ ቲደማን ተብሏል። ስለዚህ በ1986 ዓምድ ክሩገርና አልበርስ የሚል ስም ሲሰሙ አምስተኛ ቤተሰብ አይክፈቱ፤ በሚያውቁት ሰው ሳጥን ጎን በቅንፍ ይጻፉት።

የገጸ ባሕርያትን ስም ኢንተርኔት ላይ አይፈልጉ። ስሙን ጽፈው ሳይጨርሱ የፍለጋ ሳጥኑ የማን ልጅ እንደሆነ ይነግርዎታል፤ በዚህ ፊልም ደግሞ የማን ልጅ መሆን ነው ዋናው ምሥጢር።

«እንግሊዝኛው ተደርቦበት እያየሁት ነው። የቀረብኝ ነገር አለ?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

አለ። ድምፁን ወደ ጀርመንኛ፣ የግርጌ ጽሑፉን ወደ እንግሊዝኛ ይቀይሩ። ከእንግሊዝኛ የጽሑፍ አማራጮች መካከል የመስማት ችግር ላለባቸው የተዘጋጀውን አይምረጡ፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ የተደረበውን ድምፅ ስለሚከተል ከጀርመንኛው ጋር ይጋጫል።

ዋናው ምክንያት ይህ ነው፦ እንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ ቃል ሲሰጥ፣ ጀርመንኛ እንደ አማርኛ አንቱታ አለው። «ዱ» አንተ ወይም አንቺ ነው፣ «ዚ» እርስዎ። ቃሉን ባያውቁ እንኳ በጆሮ ይለዩታል። አንድ እንግዳ ሰው ልጁን ሲያናግር፣ መርማሪ ተጠርጣሪን ሲጠይቅ፣ ያላወቃቸውን ዘመዶቹን ያገኘ ሰው አፉን ሲከፍት ማን ለማን አንተ እንዳለና ማን በእርስዎ እንደቆየ ያዳምጡ። ግንኙነቱ ከመገለጡ በፊት አነጋገሩ የሚያሳብቅበት ጊዜ አለ። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመያዝ ከአሜሪካዊ ጎረቤቱ ይቀድማል፤ ባይጠቀሙበት ያስቆጫል።

«1986 ሲል በእኛ ስንት ነው? 1978 ወይስ 1979?» (ከባሕር ዳር)

እንደ ወሩ ነው። ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን 8 ይቀንሱ። የኡልሪኽ ትንሹ ልጅ ሚኬል የሚጠፋው ኖቬምበር 4 ቀን 2019 ነው፤ በእኛ ጥቅምት 24 ቀን 2012። የሚነቃው ኖቬምበር 5 ቀን 1986፣ ማለትም ጥቅምት 26 ቀን 1979። የቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ አደጋ ግን የዚያው 1986 ኤፕሪል 26 ስለሆነ በእኛ ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ላይ ይወድቃል። ቪንደኖች ከአደጋው በኋላ ገና ስድስት ወር ከምናምን ናቸው። በዚያን ጊዜ ምዕራብ ጀርመን ውስጥ የሕፃናት የአሸዋ መጫወቻዎች ተዘግተው፣ ወተት ተደፍቶ ነበር። ስለ ራሳቸው ከተማ ጣቢያ በሹክሹክታ ሲያወሩ ሲሰሙ ይህን ያስታውሱ።

አንድ ደስ የሚል ነገር፦ ሁለተኛው ምዕራፍ ወደ ጁን 2020 ሲሻገር ጀርመኖቹ ዓመት ቀየሩ። በእኛ አቆጣጠር ግን ኖቬምበር 2019 እና ጁን 2020 ሁለቱም 2012 ናቸው። በኢትዮጵያ ዘመን የሚቆጥር ሰው የወረቀቱን ዓምድ ራስ መሰረዝ አያስፈልገውም፤ 1946፣ 1979፣ 2012 ብሎ ሁለቱን ምዕራፎች ይጨርሳል።

«33 ዓመት የሚለው ዑደት እውነት ነው ወይስ ፈጠራ?» (ከዱባይ)

ፊልሙ ውስጥ ሰዎች በቪንደን ዋሻ አልፈው 33 ዓመት ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ይሄዳሉ። በዋሻው መሄድ ፈጠራ ነው፤ ቁጥሩ ግን እውነተኛ መነሻ አለው። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ያጥራል። 33 የፀሐይ ዓመት 12,053 ቀን ነው፤ 34 የጨረቃ ዓመት ደግሞ 12,048 ቀን ገደማ፤ ልዩነታቸው አምስት ቀን አይሞላም። ጠያቂያችን ያሉበት አገር ማስረጃው ቅርብ ነው፤ ረመዳን ወቅቶችን ዞሮ የሚመለሰው በዚሁ ስሌት ነው። በፊልሙ ሦስት ዓመቶች፣ በ1953፣ በ1986 እና በ2019፣ ረመዳን የገባው በሜይ ወር ነው።

«ምስሉ ጥቁር ብቻ ነው። ስልኬ ይሆን?» (ከድሬዳዋ)

ግማሹ ፊልሙ ራሱ ነው፤ ዋሻና የሌሊት ደን ይበዛበታል። ግማሹ ግን የዳታ ቁጠባ ነው። ምስሉ ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚጠፋው የጥቁር ደረጃ ልዩነት ስለሆነ፣ ጨለማው አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ሆኖ ይታያል። ዝቅተኛው ጥራት በሰዓት 0.3 ጊጋባይት ገደማ ይበላል፣ መካከለኛው 0.7። በመካከለኛው የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለመጨረስ ስድስት ጊጋባይት አካባቢ ይበቃል። ዋይፋይ ሲያገኙ በከፍተኛው ጥራት አውርዶ ማታ መብራት አጥፍቶ ማየት ይሻላል። ቴሌቪዥን ከሆነ የምስሉን ሁነታ «ሲኒማ» ላይ ያድርጉት።

«መጽሐፉን መጀመሪያ የጻፈው ማን ነው? አእምሮዬ ዞረ።» (ከአዲስ አበባ)

ሁለተኛውን ምዕራፍ ያልጨረሰ ይህን ይዝለል።

ሰዓት ሠሪው ታንሃውስ ገና ያልጻፈው የራሱ መጽሐፍ ታትሞ እጁ ይገባል። እንግዲህ ሐሳቡ ከየት መጣ? ነገሩን በእርሾ ይዩት። የዛሬው ሊጥ በትናንቱ እርሾ ይቦካል፣ የትናንቱ በከትናንት በስቲያው፤ ወደ ኋላ ሲሄዱ ግን የሆነ ቀን አንዲት ሴት ያለ እርሾ ጀምራለች። አሁን የትናንቱ ሊጥ እርሾውን ከዛሬው ሊጥ ወሰደ ይበሉ። እንጀራው አለ፣ ይበላል፤ የጀመረችው ሴት ግን የለችም። መጽሐፉም እንደዚያ ነው። ጸሐፊዎቹ ረስተውት ወይም ተሳስተው አይደለም፤ የፊልሙ ሕግ ነው። ያለፈው አይቀየርም፤ ሊቀይረው የተነሳ ሰው ራሱ ለድርጊቱ ምክንያት ይሆናል። ስለዚህ «ለምን ተመልሶ አያስቆመውም?» ከሚለው ይልቅ «ሊያስቆም ሲሄድ ምን ይጀምር ይሆን?» ብለው ይገምቱ፤ ብዙ ጊዜ ይሳካልዎታል።

«ሁለተኛውን ከጨረስኩ ዓመት አለፈኝ። ለሦስተኛው ሁሉንም ልድገም?» (ከለንደን)

አያስፈልግም። የመጀመሪያውን ምዕራፍ አንደኛና ስምንተኛ ክፍል፣ የሁለተኛውን ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሁለት ክፍሎች ይድገሙ። ከዚያ አዲስ ቀለም ያለው እስክሪብቶ ያዘጋጁ፤ ሁለተኛ ዓለም ይመጣልና በአሮጌው ወረቀት ላይ በሌላ ቀለም ይጻፉት። የትኛው ዓለም ውስጥ እንዳሉ ከጠፋብዎ የቤቱን አቀማመጥ ይዩ፤ በመስታወት እንደታየ ግራው ቀኝ ሆኗል። የኡልሪኽን ልጅ ማርታን ብቻዋን ካዩ ግንባሯን ይመልከቱ፤ ጸጉሯ አጥሮ ግንባሯ ላይ ከወረደ ሌላኛዋ ማርታ ናት፣ የቆመችው በየትኛውም ዓለም ቢሆን።