ሁለት አለቆች መሀል ለገባሽው ኮንትራት ሠራተኛ እህቴ

ሰላም እህቴ። መጀመሪያ ነገሩን በትክክል ተረድቼው እንደሆነ ላረጋግጥ። በስድስት ወር ኮንትራት ሪፖርት ልትሠሪ ገባሽ። ያስገባሽ ኃላፊና የሌላው ክፍል ኃላፊ ዓይንና ናጫ ናቸው፤ ሁለቱም በየተራ እየጠሩ አንዱ ስለሌላው ይጠይቁሻል። አንድ ቋሚ ሠራተኛ ያንቺን ሪፖርት ስብሰባ ላይ የራሱ አድርጎ አቀረበው። ዋና ዋና ስብሰባዎች ላይ አትጠሪም፤ ኮንትራቱም እየተገባደደ ነው። «ዝም ልበል ወይስ ልናገር?» ነው ጥያቄሽ።

እኔ እንጀራዬ ኮንትራት ነው። ዳታ ከአሮጌ ሲስተም ወደ አዲስ አዛውራለሁ። የምገባበት መሥሪያ ቤት ሁሉ አንዱ ክፍል ደስ ብሎት፣ ሌላው አኩርፎ ነው የሚቀበለኝ። ስለዚህ «ሥራሽን ብቻ ሥሪ፣ የቢሮ ፖለቲካ ኮንትራት ሠራተኛን አያገባውም» የሚለውን የተለመደ ምክር አልሰጥሽም። ገና ከመግባትሽ በፊት ፖለቲካው ውስጥ ነበርሽ።

እንዴት ብትይ፣ ኮንትራት ሠራተኛ እንዲሁ አይመጣም። አንድ ሰው በጀት ተከራክሮ ነው የሚያመጣው። ብዙ ጊዜ ቋሚ ቅጥር ተጠይቆ ተከልክሏል፤ የፕሮጀክት ገንዘብ ግን ስላለ በዚያ በኩል ተዞረ። ያንን ገንዘብ ለራሱ ሥራ የፈለገ ሌላ ክፍል ነበር። ያንን ወንበር ሲጠብቅ የቆየ ቋሚ ሠራተኛም ሊኖር ይችላል፤ እድገት ሲጠብቅ አንቺ መጣሽበት። አንቺ ገና ኮምፒውተርሽን ሳትከፍቺ ለአንዱ ድል፣ ለሌላው ሽንፈት ሆነሻል። ሰዎቹ አንቺን የጠሉ ይመስልሻል እንጂ የጠሉት የመጣሽበትን ውሳኔ ነው።

ስለዚህ ዝም ከማለትም ከመናገርም በፊት ይህን አጣሪ፦ ማን ፈለገኝ? ማን አልፈለገኝም? የሚከፈለኝ ከየትኛው በጀት ነው? ይህን ለማወቅ ሰላይ መሆን አያስፈልግም። «ይህን ሥራ እኔ ከመምጣቴ በፊት ማን ነበር የሚሠራው?» ብለሽ ተራ ጥያቄ ጠይቂ። ታሪኩ ሁሉ ይወጣል። ሪፖርትሽን የወሰደው ሰውዬ ምናልባት ያው ሪፖርት ዓመታት በእጁ የነበረ ሊሆን ይችላል። ያ ያደረገውን ትክክል አያደርገውም፤ አንቺ የምትወስጂውን እርምጃ ግን ይለውጠዋል።

አሁን ስለ ስብሰባው። ከሁሉም በላይ ሆድ ያስባሰሽ እሱ ይመስለኛል፤ ግን ለመከፋት አትቸኩዪ። ኮንትራት ሠራተኛን ከቋሚው ለይቶ ማስቀመጥ ብዙ ቦታ ከሕግ ፍርሃት የመጣ አሠራር ነው። አሜሪካ ውስጥ ማይክሮሶፍት ለዓመታት ያሠራቸው ኮንትራት ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1992 ከሰሱት። እንደ ቋሚ እያሠራችሁን እንደ ቋሚ አላያችሁንም፣ ሠራተኞቻችሁ የሚያገኙት የአክሲዮን ጥቅም ለእኛም ይገባን ነበር ነው ክርክሩ። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2000 በ97 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የድርጅት ጠበቆች ያወጡት ምክር ግልጽ ነው፦ ኮንትራት ሠራተኛ ሌላ ቀለም መታወቂያ ይያዝ፣ በሠራተኞች ድግስና ስልጠና አይካፈል፣ የድርጅቱ አካል አይምሰል። እንግሊዝ ውስጥም አይአር 35 የሚባለው፣ በተግባር እንደ ተቀጣሪ የሚሠራን ኮንትራት ሠራተኛ እንደ ተቀጣሪ ግብር የሚያስከፍል ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ አለ። ከኤፕሪል 2021 ወዲህ ደግሞ መካከለኛና ትልልቅ የግል ድርጅቶች የኮንትራት ሠራተኛው ሁኔታ እንደ ቅጥር ይቆጠር አይቆጠር ራሳቸው ወስነው ኃላፊነቱን እንዲሸከሙ ተደርጓል። እዚያ ያለ አለቃ የሠራተኞች ስብሰባ ላይ ሳይጠራሽ ቢቀር ንቆሽ ላይሆን ይችላል፤ የሕግ ክፍሉ ጆሮውን ይዞት ነው።

መለያው ቀላል ነው። ሌሎቹ ኮንትራት ሠራተኞችም ካልተጠሩ ደንብ ነው። አንቺ ብቻ ከቀረሽ ሰው ነው። ደንብ ከሆነ በሩን አትግፊ፤ «በሥራዬ ላይ የተወሰነ ነገር ካለ ቃለ ጉባኤው ይላክልኝ» ማለት ይበቃል። ሰው ከሆነ ደግሞ የሥራውን ጉዳት አንሺ እንጂ ስሜትሽን አታንሺ፦ «የቀኑ ለውጥ ሳይነገረኝ ስለቀረ ሪፖርቱ በአሮጌው ቀን ወጥቷል፤ የሚቀጥለው ላይ ብገኝ ይህ ይቀራል።» ይህን ማንም እንደ ኩርፊያ ሊያነበው አይችልም።

ወደ ዋናው ልምጣ፣ ወደ ሁለቱ አለቆች። እንዴት እንደሚጀምር አውቀዋለሁ። ስለ ሌላ ነገር ይጠራሽና በሩን ገፋ ያደርጋል። ስለ ጤናሽ ይጠይቃል፣ ሥራሽን ያመሰግናል። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በእኛ መሀል ይቅርና፣ እነዚያ ሰዎች እንዴት ናቸው? ዳታውን በሰዓቱ ያመጣሉ?» ይላል። ያኔ ሁለት መልስ አፍሽ ላይ ይመጣል፤ ሁለቱም አይጠቅሙሽም። አንዱ እውነቱን መዘርገፍ ነው። በነጋታው «ኮንትራቷ ልጅ ራሷ ነግራኛለች» ተብሎ ስብሰባ ላይ ይወጣል፤ እሱ ቋሚ ነው፣ አንቺ ማስረጃው ሆነሽ ትቀሪያለሽ። ሌላው «እኔ ፖለቲካ ውስጥ አልገባም» ማለት ነው። ይህ ንጹሕ መልስ ይመስላል፤ አለቃው የሚሰማው ግን «ተንኮልህ ገብቶኛል» የሚል ነው። ከእንግዲህ እሱም በጥርጣሬ ነው የሚያይሽ።

ሦስተኛው መልስ ጥያቄውን ከሰው አንስቶ ወደ ሥራ መመለስ ነው። እኔ የምለው ይህን ይመስላል፦ «የመጋቢት ዳታ ደርሶኛል፣ የሚያዝያው ይቀረኛል። የደረሰኝንና የቀረውን ሰኞ በማወጣው ማስታወሻ አስፍሬዋለሁ፤ ለእርስዎም ለአቶ እገሌም አንድ ላይ ነው የሚደርሳችሁ።» እውነቱን ደብቀሻል? አልደበቅሽም። አሳብቀሻል? አላሳበቅሽም። ዋናው ነገር መጨረሻዋ ላይ ነው ያለው፤ ለአንዱ የነገርሽው ለሌላውም እንደሚደርስ ሰውዬው አሁኑኑ አወቀ። ይህን ደጋግመሽ ስታደርጊ ጥያቄው ራሱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከአንቺ የሚገኝ ምስጢር የለማ።

ስለ ጥሩው አለቃም ላስጠንቅቅሽ። ኮንትራት ሠራተኛ ብቸኛ ነው፤ ሻይ እንጠጣ ያለውን ሁሉ ወዳጅ ያደርጋል። ደግሞ ነገ ሂያጅ ስለሆንሽ ሰው ሁሉ የልቡን የሚነግረው ለአንቺ ነው። አድምጪ፣ አዛኝ ሁኚ፤ የሰማሽውን ግን ለሌላው መግቢያ አታድርጊው። ወሬ በወሬ የሚመነዘርበት ቢሮ ውስጥ መጀመሪያ የሚከስረው ኮንትራት ሠራተኛው ነው።

ሪፖርቱን ስለወሰደው ሰው። ስብሰባ መሀል «የኔ ነው» ብለሽ አትነሺ። አብዛኛው ኮንትራት የሠራሽው ሁሉ የደንበኛው ንብረት ነው ይላልና በባለቤትነት ከተከራከርሽ ትሸነፊያለሽ። አንቺ የሚያስፈልግሽ ሌላ ነገር ነው፦ የሥራ ሰዓትሽን የሚያጸድቀውና ኮንትራት የሚያድሰው ሰው ማን እንደሠራው ማወቁ። ለዚህ በየሳምንቱ አጭር ማስታወሻ ላኪ፤ ምን ጨረስኩ፣ ምን ጀመርኩ፣ ከማን ምን እየጠበቅኩ ነው፣ ማን ምን ይወስንልኝ። ከአንድ ገጽ አይለፍ፣ ምሬትም ምስጋናም አይኑርበት። ሪፖርቱ ግርጌ ላይ «አዘጋጅ» ብለሽ ስምሽን፣ ቀኑንና ጥያቄ የሚላክበትን አድራሻ አስገቢ። ለሰውዬው ደግሞ አለቃውን ኮፒ አድርገሽ እንዲህ ጻፊለት፦ «ሪፖርቱን ለስብሰባው ስላቀረብክልን አመሰግናለሁ። ስሌቱን የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ በቁጥሮቹ ላይ ጥያቄ ከተነሳ በቀጥታ ወደ እኔ ምራልኝ፤ አንተም አትቸገር።» በትሕትና የተጻፈ ነው፤ የሚያነበው ሁሉ ግን ነገሩ ይገባዋል። እሱም ፊቱ ሳይጠቁር ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድ አገኘ። ከዚያ በኋላም ከደገመው ለብቻው አናግሪው።

የሰዓት መቆጣጠሪያሽን የሚፈርመው፣ በጀቱን የያዘውና እድሳቱን የሚወስነው አንድ ሰው ላይሆኑ እንደሚችሉ አትርሺ። ብዙ ሰው ፈራሚውን ሲያስደስት ከርሞ በጀቱ ሌላ ቦታ ይዘጋበታል። ስለ እድሳት ቀኑ እስኪደርስ አትጠብቂ፤ ቢያንስ ከወር በላይ ሲቀር «የቀረው ሥራ ይህ ነው፣ ይህን ያህል ጊዜ ይወስዳል፤ ይቀጥል ወይስ ርክክብ ልጀምር?» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። በኤጀንሲ በኩል ከገባሽ ኤጀንሲውንም አሳውቂ፤ ግን የልብሽን ሁሉ አትዘርግፊለት። ለኤጀንሲው የሚከፍለው ደንበኛ መሥሪያ ቤቱ ነው፣ አንቺ አይደለሽም።

ክፍያሽን ለማንም አትናገሪ፤ የቀን ሒሳብሽን ከወር ደሞዙ ጋር ያነጻጸረ ቋሚ ሠራተኛ ጡረታውንና የዓመት ፈቃዱን አይቆጥርም። በቢሮ የቡድን ቻት ላይ ቀልድም ሐሜትም ይቅርብሽ። እውቀት ደብቂና እንዳይለቁሽ አድርጊ የሚሉሽን ደግሞ አትስሚ፤ አለቃ ከምንም በላይ የሚፈራው የታገተ ሥራን ነው። እንዲህ ያለውን ኮንትራት ሠራተኛ የሚገላግለው ሰው ሲያገኝ ውሎ አያድርም።

አንድ ነገር ግን እንለይ። ቁጥር ቀይሪ ከተባልሽ፣ ወይም የሚነካካሽ፣ የሚያስፈራራሽ፣ የሚሰድብሽ ሰው ካለ ያ የቢሮ ፖለቲካ አይባልም፤ ዘዴም አይፈልግም። ቁጥር ቀይሪ ላለሽ ሰው «ትእዛዙን በጽሑፍ ይላኩልኝ» በይው፣ የመጀመሪያውንም ፋይል እዚያው ሲስተም ላይ እንዳለ ተይው። ማስረጃ ብለሽ የድርጅቱን ዳታ ወደ ግል ኢሜይልሽ እንዳትልኪ፤ ጥፋተኛዋ አንቺ ትሆኛለሽ። ቀንና የተባለውን ቃል የግል ማስታወሻሽ ላይ መዝግቢ። ትንኮሳና ጥቃትን በተመለከተ ደግሞ «ኮንትራት ስለሆንሽ አይመለከተንም» ቢሉሽ አትቀበዪ። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው 190ኛው ስምምነት፣ ከጁን 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው፣ ጥበቃው የኮንትራቱ ዓይነት ምንም ይሁን ምን እንደሚሠራ በግልጽ ይናገራል። አገርሽ አጽድቆት እንደሆነ አጣሪ፤ ባያጸድቀውም የድርጅቱ የውስጥ ደንብ ስለ ኮንትራት ሠራተኛ ምን እንደሚል ጠይቂ።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ብታደርጊው የምለው፣ ማስታወሻውን ሰኞ መጀመርና የእድሳቱን ጥያቄ መላክ ነው። ከዚያ ጎን ለጎን የርክክብ ሰነዱን ጀምሪው፤ ዳታው ከየት እንደሚመጣ፣ ሪፖርቱ እንዴት እንደሚወጣ፣ የት ላይ እንደሚበላሽ። ጠቡ ባስገባሽ ሰው ሽንፈት ቢያልቅ ሥራውን የሚረከበው ያ ሌላኛው ኃላፊ ነው፤ ያንን ሰነድ ሲያገኝ የማን ሰው ናት ብሎ ለመጠየቅ ጊዜም አይኖረው፣ ሪፖርቱ በሚቀጥለው ወርም መውጣት አለበትና። የኮንትራትሽ የማቋረጫ አንቀጽ የስንት ቀን ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጥሽ ግን አልጻፍሽም። እሱን አይተሽ ጻፊልኝ፤ ሁለት ሳምንት ከሆነና ወር ከሆነ የምነግርሽ ይለያያል።