«ቤት ነሽ አይደል?» ለምትባል መምህርት

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። የዩኒቨርሲቲ መምህርት ነሽ፣ ፒኤችዲሽን እየተማርሽ ነው፣ ክላስ በሌለሽ ቀን ስድስት ኪሎ ካለው ቤትሽ ትጽፊያለሽ፣ ግን ቻፕተሩ ወራት ሙሉ ንቅንቅ አላለም፣ እና አሁን «ችግሩ እኔው ነኝ መሰለኝ፣ ለቅቄ ኤንጂኦ ልግባ?» ነው ያልሽው።

በዚህ ምክንያትስ አትልቀቂ። የጻፍሽውን መልሰሽ እይው እስቲ፣ አማትሽ «ቤት ነሽ አይደል» ብለው ልጁን ያሲዙሻል፣ ጎረቤት ለቡና ትጠራሻለች፣ ውሃ መጣ ሲባል ጀሪካን የምትደረድሪው አንቺ ነሽ፣ ባልሽ ግን ቅዳሜ ቤት ሆኖ ስራውን ሲሰራ በሩን ዘግቶ ነው፣ የሚያንኳኳበትም የለም። ታዲያ የቱ ጋ ነው ያንቺ ስንፍና? በ2012 ኮቪድ ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በብዙ አገር ታይቷል፣ ወንዶቹ ወደ ጆርናል የሚልኩት ፔፐር ሲጨምር የሴቶቹ የዛን ያህል አልጨመረም።

ስራሽን ለሁለት ክፈይው። ፈተና ማረም፣ ኢሜይል፣ ዙም፣ እነዚህ ልጅ እየተንጫጫም ይሰራሉ (ሚውት ምን ሰራ)። መጻፍ ግን ያልተቆራረጠ ሰዓት ስለሚፈልግ ከቤት ይውጣ። ኬኔዲ ላይብረሪ እዛው ሰፈርሽ ነው፣ ወደ አራት ኪሎ ስትወርጂ አብርሆት አለልሽ። በሳምንት ሁለት ጠዋት ይበቃል ግን ቀኑም ሰዓቱም የማይነካ ይሁን፣ ስትወጪም «ላይብረሪ ደርሼ ልምጣ» አትበይ፣ ስራ ገባሁ በይ። ለአማትሽ ደግሞ ባልሽ ይንገራቸው፣ ካንቺ አፍ ከወጣ ኩርፊያ ነው፣ እናቱ ናቸው እሱ ይወቅበት። በነዚያ ጠዋቶች ልጁን ማን እንደሚይዝም አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ ወስኑ፣ ይሄ ያንቺ ብቻ የቤት ስራ አይደለም። ዩኒቨርሲቲያችሁ የሕፃናት ማቆያ እንዳለውም ጀንደር ኦፊስ ሄደሽ ጠይቂ፣ 1064/2010 የሚባለው የመንግስት ሰራተኞች አዋጅ እኮ መስሪያ ቤቶች እንዲያዘጋጁ ይል ነበር።

ሌላው ዲፓርትመንትሽ ነው፣ እነሱም ቤት መሆንሽን ሲሰሙ የተማሪ ቴሲስ፣ ኮሚቴ፣ ቃለ ጉባኤ ይጭኑብሻል፣ ነገ ፕሮሞሽን ሲመጣ ግን ፔፐርሽ የታል ነው የሚሉሽ። አዲስ ነገር ሲሰጡሽ «እሺ፣ ግን ከያዝኩት የቱን ላውርድ?» ብለሽ በኢሜይል መልሺ፣ በስልክ ያልሽው አይቆጠርልሽም።

ኤንጂኦውን ካሰብሽበትም ዲግሪው ካለቀ በኋላ ብታመለክቺ ይሻልሻል፣ አሁን ብትገቢ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውለሽ ማታ እዛው ቤት ነው የምትጽፊው። ለማንኛውም ዛሬ ለአድቫይዘርሽ ጻፊለት፣ ቻፕተሩን ሳይሆን አንድ ሴክሽን ብቻ የምታስረክቢበትን ቀን ቁረጪና ላኪለት።