ከጓደኛ ጋር የሚጀመር ሥራ ውል ያስፈልገዋልን?

ጥያቄ፦ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በልብስ ስፌት የተመረቅኩ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። ሁለት ጓደኞቼ በዕቁብ ገንዘባቸው የስፌት መኪናዎችና ኦቨርሎክ ሊገዙ፣ እኔ ሙያዬን ይዤ ልገባ፣ ትርፉንም ለሦስት እኩል ልንካፈል ተስማምተናል። ውል እንጻፍ ስላቸው ግን «አታምነንም ወይ?» ብለው ቅር ተሰኙ። ምን ይመክሩኛል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ውሉን ይጻፉ፤ በዚህ አያመንቱ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላልና ለጓደኞችዎ ውሉ ከእርስዎ ይልቅ ገንዘብ የሚያወጡትን እነርሱን እንደሚጠብቅ በፍቅር ያስረዷቸው።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ «እኩል እንካፈላለን» የሚለው ስምምነታችሁ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ መኪና ላይ የሚቀመጡት እርስዎ ነዎት፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ከቤት ኪራይ፣ ከጨርቅና ከመብራት የሚተርፍ ነገር ላይኖር ስለሚችል፣ ድካምዎ ያለ ክፍያ ይቀራል። ስለዚህ የሙያዎ ዋጋ እንደ ደመወዝ ተቆርጦ ከወጪ ጋር ይመዝገብ፤ ትርፍ የሚባለው ከዚያ በኋላ የሚቀረው ብቻ ይሁን። ከሦስታችሁ አንዱ ዓረብ አገር ቢሄድ ወይም ድርሻዬን ስጡኝ ቢል፣ መኪናው በተገዛበት ዋጋ ይታሰባል ወይስ በዕለቱ የገበያ ዋጋ? ይህም አሁን፣ ሳትቀያየሙ፣ ይወሰን።

የማኅበሩን ዓይነት በተመለከተ፣ በኅብረት ሽርክና ማኅበር ውስጥ ዕዳው እስከ ሸሪኮቹ የግል ንብረት ድረስ ስለሚዘልቅ፣ ገንዘብ ያላወጡት እርስዎም ከተጠያቂነት አያመልጡም። ኃላፊነቱ በተወሰነ የግል ማኅበር ግን የአባላት ኃላፊነት በመሠረቱ ባዋጡት መዋጮ ላይ ያቆማል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ያለ ማኅበር እንዲያቋቁም ስለሚፈቅድ፣ ጓደኞችዎ ባለድርሻ ከመሆን ይልቅ ገንዘቡን ቢያበድሩዎትና ድርጅቱ የእርስዎ ቢሆን እመርጣለሁ። ለብድሩ መኪናዎቹን ራሳቸውን በዋስትና መስጠት ይቻላል፤ የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል።

የትኛውንም ብትመርጡ፣ መኪናዎቹ ከመገዛታቸው በፊት ተስማምታችሁ ፈርሙ፤ ደረሰኙ በማን ስም ይቆረጥ የሚለው ጥያቄ ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ የምትነጋገሩበት ጉዳይ አይደለም።