ለሥራ ቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ፤ እንዴት ልዘጋጅ?

ጥያቄ፦
መምህር፣ እንደምን አሉ? በአካውንቲንግ ከተመረቅኩ ዓመት አልፎኛል፤ እስካሁን ሥራ የለኝም። በቀደም አንድ ባንክ ለኢንተርቪው ጠራኝ። ደስ ቢለኝም ጭንቀቱ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ማስታወቂያው የሁለት ዓመት ልምድ ይላል፤ እኔ የለኝም። ዲግሪዬን ብቻ አያይዤ ነው ያመለከትኩት። አጎቴ የሚያውቀው ሰው ከድርጅቱ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሊጽፍልኝ ይችላል፤ "ሁሉም የሚያደርገው ነው" ይለኛል። እናቴ ደግሞ ግርማ ሞገስ የሚሰጥ ሰው ጋ ልውሰድሽ ትላለች። ጓደኛዬ "ምን እንደምትናገሪ አትጨነቂ ተብሏል፤ ጸልየሽ ግቢ በቃ" አለችኝ። ለቁልቢ ገብርኤል ልሳል ወይ እያልኩም ነው። ስለ ራሴ ጥሩ ነገር መናገር ትዕቢት እየመሰለኝ እሳቀቃለሁ። በሰንበት ትምህርት ቤት ሒሳብ ክፍል አገለግላለሁ፣ የእናቴን ሱቅ ሒሳብም እይዛለሁ፤ ከዚህ ውጭ የምለው የለኝም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦
እኅቴ፣ እንኳን ጠሩሽ። ተመርቆ ቤት መቀመጥ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። ለታክሲ ብር መለመን አለ። "እስካሁን ሥራ አልያዝሽም?" የሚል ጎረቤት አለ። ከማስተምራቸው ወጣቶች ብዙዎቹ እዚህ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ መልሴ ረዘም ቢል ታገሺኝ።

ከጓደኛሽ ልጀምር። የጠቀሰችው ቃል በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያለው ነው። አጀማመሩ ግን "አሳልፈውም ሲሰጡአችሁ" ይላል። ጌታ ይህን የተናገረው ስለ ስሙ ተይዘው በሸንጎ ለሚቆሙት ነው። ሰማዕታት በነገሥታት ፊት ያን ሁሉ የመለሱት በዚህ ተስፋ ነው። አንቺን ማንም ይዞ አልወሰደሽም። አመልክተሽ ተጠራሽ፤ ቀኑም ተነገረሽ፤ የምታነቢበት ጊዜም አለሽ። ያን ጊዜ ሳይጠቀሙበት ቀርቶ በዕለቱ መንፈስ ቅዱስ ይሙላው ማለት እግዚአብሔርን መፈታተን ይሆናል። ጓደኛሽ በቅን ልብ እንዳለችው አልጠራጠርም፤ ጭንቀትሽን ልታቀልልሽ ብላ ነው።

ዛሬ ማታ መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 17ን ተቀምጠሽ አንብቢ። ሁላችንም የምናስታውሰው የጎልያድን መውደቅ ነው። አንቺ ግን ከዚያ በፊት ያለውን ልብ ብለሽ እዪው። ዳዊት በሳኦል ፊት ቀረበ። ሳኦል አየውና አትችልም አለው። ምክንያቱ ልምድ ነው፦ አንተ ገና ብላቴና ነህ፣ እርሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ጦረኛ ነው። ዳዊት ጦር ሜዳ ውዬ አውቃለሁ አላለም። የአባቴን በጎች እጠብቅ ነበር አለ። አንበሳና ድብ ከመንጋው ጠቦት ሲወስዱ ተከትዬ አስጥያለሁ አለ። ከአንበሳና ከድብ እጅ ያዳነኝ እግዚአብሔር ከዚህም ያድነኛል ብሎ ጨመረ።

የሠራውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ። ምስጋናውን ለእግዚአብሔር ሰጠ። ይህ ትዕቢት አይደለም። ትዕቢት የሌለንን አለን ማለት ነው፤ ያለንንም ከራሳችን እንዳገኘነው መቁጠር ነው። በአስተዳደጋችን ራስን ማመስገን ነውር ስለሆነ ብዙ ጨዋ ልጆች ኢንተርቪው ላይ አንገታቸውን ደፍተው፣ ድምፃቸው ሳይሰማ፣ "ብዙም አልችልም" ብለው ይወጣሉ። ይህን ትሕትና ብዬ ልጠራው አልችልም። የምትችዪውን አልችልም ካልሽ እሱም ከእውነት መጉደል ነው።

የአንቺ በጎች የት አሉ? ራስሽ ጽፈሽልኛል፤ ግን እንደ ተራ ነገር አለፍሽው። የሰንበት ትምህርት ቤት ሒሳብ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የአባላት ወርኃዊ መዋጮ አለ፣ ለገዳም ጉዞ የተሰበሰበ ገንዘብ አለ፣ ደረሰኝ አለ፣ ሪፖርት አለ። የምእመናንን ገንዘብ በአደራ ይዛ ሒሳቡን የምታስረክብ ልጅ "የምለው የለኝም" ስትል ያሳዝነኛል። የእናትሽ ሱቅም እንዲሁ ነው። ዱቤ ማን ወሰደ፣ ዕቃው በስንት ገባ፣ በስንት ተሸጠ። ደመወዝ ስላልተከፈለሽበት ሥራ አይደለም ያለሽ ማን ነው? ወረቀት አውጪ። ከመቼ ጀምሮ እንደያዝሽ ጻፊ። ሒሳቡ አልገጥም ብሎሽ ስሕተቱን እንዴት እንዳገኘሽው ጻፊ። "ስለ ራስሽ ንገሪን" ሲሉሽ ከዚያ ጀምሪ። "ደካማ ጎንሽስ?" ማለታቸውም አይቀርም። አንድ እውነተኛ ድክመትና እሱን ለማስተካከል የምታደርጊውን ንገሪያቸው። ንስሐ የምትገባ ክርስቲያን ይህ ጥያቄ ሊያስደነግጣት አይገባም።

አሁን ወደ ደብዳቤው። ሳኦል ለዳዊት የራሱን የጦር ልብስ አለበሰው፤ የናስ ቁርም ደፋለት። ዳዊት ሰይፉን ታጥቆ ለመሄድ ሞከረ፤ አልለመደውምና አወለቀው። ልብሱ የንጉሥ ነበር፤ የዳዊት ግን አልነበረም። አጎትሽ የሚያመጣልሽም ይኸው ነው። ባልሠራሽበት ድርጅት አለቃሽ ማን እንደነበር፣ በየዕለቱ ምን ትሠሪ እንደነበር ይጠይቁሻል። አንዱን ውሸት ለመደገፍ ሌላ ትፈጥሪያለሽ። ቢያልፍልሽ እንኳ ወረቀቱ ፋይልሽ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሐሰተኛ ማስረጃ ማቅረብ በሕግም ያስጠይቃል። ከሕጉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። "በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር" ተብሏል። ባልንጀራሽ እዚያ ኮሪደር ላይ ተራዋን የምትጠብቀው ሌላዋ ልጅ ናት። እሷም ተመርቃ ቤት የተቀመጠች ናት። ደብዳቤው የሚወስደው የእሷን ዕድል ነው።

ሁሉም ያደርገዋል የሚለውን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ሁሉም አያደርገውም። አላደርግም ብለው ሥራ ያመለጣቸው ልጆች አውቃለሁ፤ ዋጋ ያስከፍላል፣ አልዋሽሽም። ደግሞም ባንኩ የጠራሽ ዲግሪሽን ብቻ አይቶ ነው። ልምድ እንደሌለሽ እያወቁ ኑ ካሉሽ፣ አሁን ልምድ ፈጥረሽ መሄድ ለምን አስፈለገ?

እናትሽን በቁጣ አትመልሺ። ያስጨነቃት የአንቺ ቤት መቀመጥ ነው። ግን እዚያ ሰው ጋ አትሂጂ። ክታብ ማሰር፣ ሥር መያዝ፣ ስም ማስጠራት በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 ከተከለከለው ወገን ነው። ላዩ ላይ መስቀል ቢሣልበትም፣ ዳዊት ቢደገምበትም ያው ነው። ዮሴፍን በግዞት ቤቱ አለቃ ፊት ሞገስ የሰጠው እግዚአብሔር ነው። እናትሽን አቅፈሽ "እማዬ፣ አብረን ኪዳን እናድርስ" በያት። የእናት ጸሎት ይዘሽ ግቢ።

ለቁልቢ ገብርኤል መሳል ክፋት የለውም። ስለት ግን ሥራውን የምትገዢበት ክፍያ አይደለም። ከተሳልሽም የምትችዪውን ይሁን። ጃንጥላ ተስለው ሳያስገቡ ዓመታት ሲያልፉ ኅሊናቸውን የሚበላቸው ሰዎች አሉ።

ስለ ጸሎቱ የፋርስ ንጉሥ ጠጅ አሳላፊ የነበረውን ነህምያን ልጥቀስልሽ። የኢየሩሳሌምን መፍረስ ከሰማ በኋላ በንጉሡ ፊት ይህን ጉዳይ እስኪያነሣ አራት ወር ያህል አልፏል። በዚያ መካከል ጾሟል፣ አልቅሷል፣ "በዚህም ሰው ፊት ምሕረትን ስጠው" ብሎ ጸልዮአል። ንጉሡ ምን ትለምናለህ ሲለው ደግሞ እዚያው ቆሞ ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ፤ ከዚያ መለሰ። መልሱ የታሰበበት ነው። የሚቆይበትን ጊዜ ቆርጦ ተናገረ፤ ለወንዝ ማዶ ገዦች ደብዳቤ ጠየቀ፤ እንጨት የሚያሰጠውን የንጉሡን ዱር ጠባቂ በስሙ አሳፍ ብሎ ጠራው። አንቺም የባንኩን ነገር እንዲህ አጥኚ። መቼ ተመሠረተ፣ ምን አገልግሎት ይሰጣል፣ ያመለከትሽበት ክፍል ሥራው ምንድን ነው። ከሰንበት ትምህርት ቤታችሁ ባንክ የሚሠራ አይጠፋም። እየጠየቀሽ፣ ጮክ ብለሽ እየመለስሽ ተለማመጂ። ተራሽን ስትጠብቂ በልብሽ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" በዪ። ማታ ማታ መዝሙር 26ን ድገሚ፦ "እግዚአብሔር ብርሃኔና መድኃኒቴ ነው፤ የሚያስፈራኝ ማን ነው?"

ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆንና ጾሙ ያደክመኛል ብለሽ ከሠጋሽ የንስሐ አባትሽን አማክሪ። እየጾምሽ ከሄድሽ ግን ጌታ እንዳለው ፊትሽን ታጥበሽ፣ ሳትጠወልጊ ሂጂ። ንጹሕና ጨዋ ልብስ ልበሺ፤ አዲስ ካልገዛሁ ብለሽ አትበደሪ። ማተብሽን አትደብቂው፤ ለማሳየት ብለሽም አታውጪው።

ባይቀበሉሽስ? ዳዊት በሳሙኤል እጅ ተቀብቶ ሳለ ወደ ቤተ ልሔም እየተመለሰ የአባቱን በጎች ይጠብቅ ነበር፤ ይህም እዚያው ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 17 ላይ ተጽፏል። የቀረሽበትን ጥያቄ መዝግቢ፤ ያቃተሽን አጥኚ፤ ሌላ ማመልከቻ አስገቢ። የሰንበት ትምህርት ቤቱን ሒሳብም አትተዪው። ውጤቱን ስትሰሚ፣ ተቀበሉሽም አልተቀበሉሽም፣ ጻፊልኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።