«እግዚአብሔር በውስጥሽ ነው» የሚለኝ ወንድሜ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው፣ ከእናቴ ጋር። ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ ከሄደ 9 ዓመት ሆነው። እዚህ እያለ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ነበር። አሁን ዩኒቲ የሚባል ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ማታ ማታ የድምፅ መልእክት ይልክልናል። «እግዚአብሔር ሰማይ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ አይደለም፣ በውስጣችሁ ነው። ሲኦል ቦታ አይደለም። ሰው የሚያስበውን ይሆናል» ይላል። እናቴ ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። «ስኳር አለብኝ አትበይ፤ ባልሽው ቁጥር ይጸናብሻል» አላት። ባለፈው ሳምንት መርፌዋን አራት ቀን እንዳልወሰደች ደረስኩባት። ለምን ስላት «በእኔ ሐሳብ የመጣ ከሆነ በእኔ ሐሳብ ይሂድ ብዬ ነው» አለችኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ወንድሜ ክርስቶስን ክዷል ማለት ነው? እናቴንስ ምን ልበላት?

መልስ፦ ልጄ፣ ከሁሉ በፊት መርፌው። ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ በስልክ ያልኩሽን እዚህም እደግመዋለሁ፤ ሌሎችም ያነቡታልና። ኢንሱሊን ያቋረጠ ሰው ያን ዕለት ጤና ተቋም ሄዶ ስኳሩን መለካት አለበት። ብርቱ ጥም፣ ማስመለስ፣ ፈጠን ያለ ከባድ ትንፋሽ ከታየ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው። ስለ ሃይማኖቱ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

እናትሽ መርፌያቸውን መጀመራቸውን ስለነገርሽኝ አሁን ልቤ ተረጋግቶ እጽፋለሁ።

ወንድምሽ የሚሄድበትን ቤት በዓይኔ አይቼዋለሁ። 31 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ እንደወጣሁ ልጄ ወደ ካንሳስ ሲቲ ወሰደችኝ፤ ሰባት ወር ተቀመጥኩ። የዩኒቲ ዋና መቀመጫ ከከተማው ብዙ አይርቅም። ረጅም ግንብ አለው፣ ፏፏቴ አለው፣ ግቢው ሰፊ ነው። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት አዛውንት ጋበዙኝና አራት እሑድ ሄድኩ። መጋቢዋ ሴት ነበረች። ስብከቱ አጭር ነው። ከዚያ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ በዝምታ ይቀመጣል። ያ ዝምታ ዘጌ ላይ ከቅዳሴ በኋላ በቡናው ጥላ ሥር ስቀመጥ የሚሰማኝን ዓይነት ነበር። ይህን የምነግርሽ ሰዎቹ ክፉ እንዳይመስሉሽ ነው። ደግ ሰዎች ናቸው። ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማያውቁት ሰው የሚጸልዩበት ክፍል አላቸው፤ የጸሎት ጥያቄ ቀንም ሌሊትም ይቀበላሉ።

አጀማመሩን ካወቅሽ የወንድምሽ አነጋገር ከየት እንደመጣ ይገባሻል። ሚርትል ፊልሞር የምትባል አስተማሪ ነበረች። የሳንባ ነቀርሳ ነበረባት። ቤተሰቧ በሽታው በዘር የሚወረስ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ እሷም እንደዚያው። በ1886 አንድ ሰው ሲያስተምር ሰማችና አንድ ዓረፍተ ነገር ይዛ ወጣች፦ «እኔ የእግዚአብሔር ልጅ ነኝ፤ ስለዚህ በሽታን አልወርስም።» ይህን እየደጋገመች፣ ከሰውነቷ ጋር እየተነጋገረች ሁለት ዓመት ያህል ጸለየች። ዳንኩ አለች። ባሏ ቻርልስ በልጅነቱ በረዶ ላይ ሲንሸራተት ወድቆ አንድ እግሩ አጥሮ የቀረ ሰው ነበር። እሱም ተከተላት። በ1889 ሥራውን ካንሳስ ሲቲ ውስጥ አብረው ጀመሩ።

ከነሱ በፊትም ፊንያስ ኩዊምቢ የሚባል ሰዓት ሠሪ በሜይን ግዛት በሽታ ከተሳሳተ እምነት ይመጣል እያለ ያስተምር ነበር፤ በ1866 ሞተ። ከዚያ ወዲህ የመጣው እንቅስቃሴ በሙሉ «አዲስ አስተሳሰብ» ይባላል። የወንድምሽ «ያሰብነውን እንሆናለን» ከዚያ ቤት የወጣ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በይልኝ። ሚርትል «አልወርስም» ያለችው እውነት ነበር። የሳንባ ነቀርሳ በዘር አይወረስም። ሮበርት ኮክ የሚባለው ሐኪም ተህዋሲያኑን አግኝቶ ያስታወቀው በ1882 ነው፤ እሷ ያን ዓረፍተ ነገር ከመስማቷ አራት ዓመት ቀደም ብሎ። መድኃኒቱ ግን ገና አልነበረም። ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው በ1943 ነው። ስለዚህ ሚርትል ከመድኃኒትና ከጸሎት ጸሎትን አልመረጠችም። የምትተወው የሚያድን መድኃኒት ኖሯት አያውቅም። ዛሬ እዚሁ ባሕር ዳር ጤና ጣቢያ ሄዶ ስድስት ወር በነፃ መታከም ይቻላል። የእናትሽ ኢንሱሊንም ፍሪጅ ውስጥ ነው ያለው። በሚርትል ታሪክ እናትሽን መርፌ ማስተው ታሪኩንም አለመረዳት ነው። ሚርትል በ86 ዓመቷ፣ ቻርልስ በ93 ዓመቱ ዐረፉ። ቻርልስ ሰውነቱ ታድሶ ሞትን የማያይ መስሎት ተስፋ ያደርግ ነበር። እሱም ሞተ።

«ክርስቶስን ክዷል?» ላልሽው ቀጥ ያለ መልስ ልስጥሽ። ቃሉ አንድ ነው፣ ትርጉሙ ግን ተለይቷል። እነሱ ኢየሱስን ይወዱታል፤ መንገድ አመልካች ይሉታል። «ክርስቶስ» ሲሉ ግን በያንዳንዱ ሰው ውስጥ ያለውን የእግዚአብሔር ብልጭታ ማለታቸው ነው፤ ኢየሱስ ያንን በሙሉ የኖረ የመጀመሪያው ሰው ነው ይላሉ። ለነሱ ኃጢአት የሐሳብ ስሕተት ነው። መንግሥተ ሰማያትና ሲኦል የልብ ሁኔታ ናቸው። እግዚአብሔር ፍጹም በጎ ነው፣ በሁሉ ቦታ አለ፣ ክፋት የራሱ ሥር የለውም። ጸሎት መለመን ሳይሆን ከዚያ በጎነት ጋር መስማማት ነው። ሌላውም ሃይማኖት ወደ እግዚአብሔር የሚያደርስ መንገድ ነው ይላሉ፤ ማንንም ይህን ካላመንክ ብለው አያባርሩም። እኛ ደግሞ ቃል ሥጋ ሆነ፣ ወልድ ዋሕድ ነው እንላለን። እሱ ስለ እኛ ሞተ ስንል ምሳሌ ሊያሳየን ብቻ አይደለም። እኔ በዚህ እቆማለሁ። ልዩነቱን ትንሽ አላደርገውም።

ግን ወንድምሽ የያዘው ሁሉ ባዕድ ነው ብለሽም አትቸኩይ። አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከልን ቅዱስ አትናቴዎስ፣ እግዚአብሔር ሰው የሆነው እኛ አማልክት እንድንሆን ነው ብሎ ጽፏል። በጸጋ ማለቱ ነው። የጴጥሮስ ሁለተኛ መልእክትም ከመለኮት ባሕርይ ተካፋዮች ስለመሆን ይናገራል። ስለዚህ «እግዚአብሔር ቅርብ ነው፣ በውስጥህ ይሠራል» የሚለውን ለመስማት ካንሳስ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር። ልጁ ግን እዚህ እያለ ማን ነገረው? ይህን ራሴንም እጠይቃለሁ። ብዙ ልጆቻችን ከቤታችን የሚሰሙት ስለሚቀጣ አምላክ ብቻ ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳው ላይ በላዔ ሰብ ተሥሏል። 78 ነፍስ የበላ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድሃ የሰጣት አንዲት ጥርኝ ውኃ ሚዛኑን አነሣችለት። ይህን ሥዕል ከፊቱ ቆሞ ያስረዳው ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ወንድምሽ ምሕረትን ፍለጋ ያን ያህል አይርቅም ነበር ብዬ አስባለሁ።

«በውስጣችሁ ነው» የሚላትን ጥቅስም አብራችሁ እዩ። ሉቃስ 17፥21 ነው። የቆየው የእንግሊዝኛ ትርጉም «በውስጣችሁ» ይላል። የኛ አማርኛ «በመካከላችሁ ናትና» ይላል። የግሪኩ ቃል ሁለቱንም ይሸከማል። እኔ በልጅነቴ የአንድምታ መምህር ጎረቤት ስለነበረን «አንድም» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። አንዱን ንባብ በሁለትና በሦስት መንገድ መፍታት ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። ፊልሞርም ግብፅን፣ ኢየሩሳሌምን፣ የሰዎቹን ስም ሁሉ የልብ ሁኔታ አድርጎ ይፈታ ነበር። የኛ መምህራን ግን ወርቁን ሲያወጡ ሰሙን አይጥሉም። እነሱ ሰሙን ብዙ ጊዜ ይጥሉታል።

አሁን ወደ እናትሽ ልመለስ። ይህን ደብዳቤ አንብቤ ሌሊቱን ያልተኛሁት በእሳቸው ነው።

ባለቤቴ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ሰው የሚያመላልስ ጀልባ ነጂ ነበር። ጉበቱን ታመመ። ካንሰር ነው ተባለ። ጸበልም ወሰድኩት፣ ሐኪም ቤትም ወሰድኩት። አንድ ቀን ሊጠይቀን የመጣ ሰው አልጋው አጠገብ ተቀምጦ «ፍርሃትህ ነው የጠራው፤ አስተሳሰብህን ብትለውጥ ትነሣለህ» አለው። ሰውዬው ሊያበረታው ነው ያለው፣ ክፋት አልነበረውም። ማታ መብራት ካጠፋን በኋላ ባለቤቴ «ምን አስቤ ነው ግን?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ከዚያ በኋላ ሌሊት እየነቃ ዕድሜውን ሙሉ ያሰበውን ሲመረምር ነበር። ማዕበል ያየበትን ቀን፣ ከወንድሙ ጋር የተጣላበትን ቀን፣ ሁሉን እያነሣ «ይሄ ይሆን?» ይለኛል። ሕመሙ አልበቃ ብሎት ጥፋተኝነት ተጨመረበት። ከሞተ 11 ዓመቱ ነው። ያን ጊዜ መልስ ማጣቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

መልሱ ዮሐንስ ምዕራፍ 9 ላይ ነበር። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ኃጢአት የሠራው ማን ነው፣ እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ጠየቁ። ጌታ እሱም አልሠራም፣ ወላጆቹም አልሠሩም አለ። ከዚያ በምራቁ ጭቃ ለውሶ ዓይኑን ቀባው፣ ሄደህ ታጠብ አለው። ምን አስበህ ነው ብሎ አልጠየቀውም።

ለእናትሽ ይህን ምዕራፍ ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው። «ስኳር አለብኝ» ማለትም እምነት ማጣት እንዳልሆነ ንገሪያቸው። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ብሏል። ያለበትን በስሙ ጠራው። መርፌውም የእግዚአብሔር ነው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። ብፁዕ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበሉ ጋር እንዲወስዱ በአደባባይ ተናግረዋል። እናትሽ ጠዋት ጸበል ጠጥተው፣ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ መርፌያቸውን ቢወጉ አንዱ ሌላውን አያፈርስም።

ወንድምሽን ደግሞ አትዝጊበት። መልእክቱ እናቱን እንደናፈቀ ሰው መልእክት ነው፤ ሩቅ ሆኖ ሊያድናቸው ይፈልጋል። አንቺም በድምፅ መልሺለት። የሆነውን ሳትሸፍኚ ንገሪው፦ «እማዬ በቃልህ አራት ቀን መርፌ ተወች።» መስማት አለበት። ደግሞም የዩኒቲ ሰዎች ሐኪም አትሂዱ አይሉም፤ የጋበዙኝ አዛውንት ራሳቸው የልብ መድኃኒታቸውን በቦርሳ ይዘው ነበር የሚመጡት። ይህንንም ንገሪው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቂው፦ «ኢየሱስ ላንተ መንገድ ያሳየህ ነው፣ ወይስ ያዳነህ?» ሳትቆጪ ጠይቂው፣ የሚለውንም እስኪጨርስ ስሚው።

ጥያቄ፦ ይሄ ነገር «እመኑና ሀብታም ትሆናላችሁ» ከሚሉት ስብከት ጋር አንድ ነው?

መልስ፦ ዘመዳሞች ናቸው። ንግግር እውነታን ይለውጣል የሚለው ሐሳብ በሁለቱም ውስጥ አለ። ነገር ግን ዩኒቲ ውስጥ አጋንንት ማስወጣት፣ ጩኸት፣ የሲኦል ማስፈራሪያ አላየሁም። አንድ አድርገሽ አትፍረጂ።

ጥያቄ፦ ፔዳ ግቢ ተማሪ ነኝ። እንቅልፍ አልወስድ ሲለኝ ከዩቲዩብ ያገኘሁትን «ሰላም ነኝ፣ አልፈራም» እያልኩ እደጋግማለሁ። ልቤ ይረጋጋል። ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ልብን ማረጋጋት ኃጢአት አይደለም። ቃል መደጋገምም ለኛ አዲስ አይደለም፤ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ ይባል የለ? አንድ ልዩነት ግን አለ። «ሰላም ነኝ» ስትል ለራስህ ነው የምትናገረው። «እግዚኦ» ስትል የሚሰማህ አለ። የሚሰማህ ካለ ደግሞ አልፈራም ማለት አይጠበቅብህም፤ የፈራኸውን፣ ፈተናም ይሁን የቤት ጉዳይ፣ በስሙ ጠርተህ ንገረው። እንቅልፍ ማጣቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ የግቢውን ክሊኒክ አማክር።