ይህ ጉዳይ ማን ጋ ነው? መቼስ ያልቃል? ለአዲስ ቡድን መሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው የቡድን መሪነት ወይም የክፍል ኃላፊነት ደብዳቤ ሰሞኑን ለደረሳችሁ ነው። ደብዳቤው ኃላፊነቱን ይሰጣችኋል እንጂ ጠረጴዛችሁ ላይ የተከመረውን ጉዳይ እንዴት እንደምትጨርሱት አይነግራችሁም። በእኔ እምነት የጥሩ ኃላፊ መለኪያው አንድ ነው፤ በማንኛውም ሰዓት «ይህ ጉዳይ ማን ጋ ነው? መቼስ ያልቃል?» ቢባል ሳይደናገር መመለስ መቻሉ። ለዚህ ደግሞ የተለየ ተሰጥኦ አያስፈልግም፤ በየቀኑ የሚደገሙ ጥቂት ልማዶች ይበቃሉ።

ከማስታወሻ ደብተር ልጀምር። ስልክ ላይም ይሁን ወረቀት ላይ ለውጥ የለውም፤ ብቻ አንድ ይሁን። በአንድ በኩል ራሳችሁ የምትሠሩትን፣ በሌላ በኩል ከሰው የምትጠብቁትን ጻፉ። ብዙው ወጣት ኃላፊ የመጀመሪያውን ይጽፍና ሁለተኛውን በጭንቅላቱ ይይዛል፤ የሚጠፋውም ያ ነው። ከፋይናንስ የሚጠበቅ ማረጋገጫ፣ ከሕግ ክፍል የሚመለስ አስተያየት፣ ለባልደረባ የተሰጠ ረቂቅ ሁሉ ከጎኑ የተሰጠበት ቀን፣ የያዘው ሰው ስምና የምትጠይቁበት ቀን ይኑረው። ለሌላ መሥሪያ ቤት የወጣ ደብዳቤ ከሆነ ቁጥሩንና ቀኑን ጨምሩ። ቁጥር ሳይዙ መዝገብ ቤት ደውሎ «ባለፈው የላክነው ደብዳቤ የት ደረሰ?» ማለት ጠያቂውንም ተጠያቂውንም ያደክማል።

ከሥራ መውጫ በፊት ያለችውን 15 ደቂቃ ለዚህ ደብተር ስጧት። ለነገ ሦስት ዋና ሥራ ምረጡ፤ ከዚያ አትለፉ። ስምንቱንም የሥራ ሰዓት በዕቅድ መሙላት የተለመደ ስሕተት ነው። ድንገተኛ ስብሰባ ይጠራል፣ ከበላይ «አሁኑኑ ይፈለጋል» ይመጣል፣ ዕቅዱ በሁለተኛው ቀን ይፈርሳል፤ ሰውየውም ማቀዱን ራሱን ይተወዋል። ሲሶውን ክፍት ተዉት። ከሦስቱ ከባዱን ጠዋት 2፡30 እንደገባችሁ ጀምሩት፤ እስከ 4 ሰዓት ቴሌግራም አትክፈቱ። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ የሚሠሩትንም፣ ረቂቅ ማንበብን፣ ፋይል ማጣራትን፣ ከሠራተኛ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገርን፣ ለብቻ ዘርዝራችሁ አስቀምጡ።

ስለ ሥራ አሰጣጥ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፤ አብዛኛው መጓተት የሚጀምረው እዚህ ነውና። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» እንላለን፤ ቢሮ ውስጥ ግን እሺታ ሁልጊዜ መግባባት አይደለም። ሠራተኛው አለቃውን ላለማስቀየም፣ ወይም አልገባኝም ማለት አፍሮ፣ እሺ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ «ገባህ?» «ገባሽ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ የታወቀ ነው። «ከየት ትጀምሪዋለሽ?» «የትኛው ላይ የምትቸገር ይመስልሃል?» በሉ። ያልተግባባችሁበት ነጥብ እዚያው ይወጣል። ሥራው ምን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚውልና መቼ እንደሚደርስ ከተናገራችሁ በኋላ፣ ሠራተኛው እናንተን ሳይጠይቅ እስከ ምን ድረስ መወሰን እንደሚችል ንገሩት። ይህችኛዋ ትረሳለች፤ በጥቃቅኑ ሁሉ በራችሁ የሚንኳኳውም በእሷ መረሳት ነው። ግሩፕ ላይ «እስቲ የምትችሉ እዩት» ብሎ መጻፍ ደግሞ ሥራውን ለማንም አለመስጠት ነው፤ እያንዳንዱ ሌላው ያየዋል ብሎ ያልፈዋል።

ቀን ስትሰጡ «በወሩ መጨረሻ» አትበሉ። ከውጭ ድርጅት ጋር የምትሠሩ በተለይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፉ። የበጀት ዓመታችን የሚዘጋበት ሰኔ 30 በፈረንጆቹ ጁላይ 7 ነው፤ ጁን 30 ብሎ የመዘገበ ሰው በአንድ ሳምንት ይስታል። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት ግን 12 ላይ ይውልና የአንድ ቀን ልዩነቱ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይዘልቃል። በልምድ ደምሮ መቀነስ የሚያሳስተው ያኔ ነው። ሰዓትም እንደዚሁ፤ «8 ሰዓት» ከማለት «ከቀኑ 8 ሰዓት» ማለት፣ ለውጭ ሰው ደግሞ 14፡00 ብሎ መጻፍ ሊባክን የነበረ ቀጠሮ ያተርፍላችኋል።

ስብሰባ ላይ የምመክራችሁ ስለ ቃለ ጉባኤው ነው። «ጉዳዩ በሚመለከተው ክፍል ክትትል እንዲደረግበት አቅጣጫ ተቀምጧል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቡት። ባለቤት የለውም፤ ቀንም የለውም። «የሦስቱን አቅራቢዎች የዋጋ ማወዳደሪያ የግዥ ባለሙያዋ እስከ ረቡዕ ጥቅምት 12 ቀን 6 ሰዓት ለኮሚቴው ያቀርባሉ» ከተባለ ግን የሚያመልጥ የለም። ሰው ከመነሳቱ በፊት ውሳኔዎቹን ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ «እኔ እንዲህ አላልኩም» የሚል ካለ እዚያው ይስተካከላል። ቃለ ጉባኤውን በዚያው ቀን አሰራጩ። ቀጣዩን ስብሰባም አዲስ አጀንዳ ከመክፈታችሁ በፊት በእነዚሁ ውሳኔዎች ጀምሩ። ይህ ከተለመደ ሰዎች ሥራቸውን ጨርሰው ይመጣሉ።

ረቂቅ ሲቀርብላችሁ እስከ መጨረሻው አንብባችሁ እርማቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ መልሱ። ዛሬ ፊደሉን፣ ነገ አንቀጹን፣ ከነገ ወዲያ ሐሳቡን እያረሙ አንድ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ማመላለስ ሠራተኛውን ያዝላል፤ በአራተኛው «እሳቸው ያርሙት የለ?» ብሎ ሳያስብ ይጽፋል። ለፊርማ የሚገባውን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለምሳሌ 4፡30 እና 9፡30 ላይ፣ ተመልከቱ፤ ሰዓቱን ሁሉም ሲያውቅ በየመሀሉ አይገባባችሁም።

በዕድሜ የሚበልጧችሁ ባለሙያዎች በእናንተ ሥር መሆናቸው አይቀርም። አንቱታችሁን አትተዉ። ከማስጠራት ይልቅ ጠረጴዛቸው ድረስ ሂዱ፤ ስሕተት ካለም ሰው በሌለበት ተነጋገሩ። አክብሮቱ ግን ቀን ለማላላት አይሁን። ለወጣቱ የምትሰጡትን ቀን ለእነሱም ስጡ፤ ይህን ካላደረጋችሁ ሥራው ሁሉ ወጣቶቹ ላይ ይወድቅና ቡድኑ ውስጥ ቅሬታ ይነግሣል።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ የሁለት ቀን ፈቃድ ውሰዱ። ከመውጣታችሁ በፊት በአንድ ገጽ በእጃችሁ ያለውን ጉዳይ፣ የደረሰበትን፣ ፋይሉ የተቀመጠበትንና በእናንተ ቦታ የሚወስነውን ሰው ጽፋችሁ ለተወካያችሁ ስጡ። በሁለቱ ቀናት ስልክ ተደውሎ የተጠየቃችሁትን ሁሉ መዝግቡ። ስትመለሱ እያንዳንዱን ጥያቄ እዩት፤ ገጹ ላይ መጻፍ የነበረበት ከሆነ ጨምሩት፣ ሠራተኛው ራሱ መወሰን የነበረበት ከሆነ ሥልጣኑን ስጡት።