የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የተወሰደ ቴሌግራም፣ የማስፈራሪያ ፎቶ እና ሌሎችም

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የሐበሻ ልብስ ሱቅ አለኝ፤ ደንበኞቼም ዘመዶቼም የሚያገኙኝ በቴሌግራም ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ለሰርግ የታዘዘ ቀሚስ እያጣጠፍኩ ሳለ ከአንዲት የቅርብ ጓደኛዬ አካውንት «የእህቴ ልጅ በሥዕል ውድድር ላይ ናት፤ እባክሽ ድምፅ ስጪልኝ» የሚል መልእክት ከነሊንኩ ደረሰኝ። ስከፍተው ስልክ ቁጥሬን ጠየቀኝ፤ ሞላሁ። ወዲያው ባለ አምስት አኃዝ ኮድ መጣልኝ፤ እሱንም ሞላሁ። ማታ ባሕር ዳር ያለው የአጎቴ ልጅ ደውሎ «ገንዘቡ ደረሰሽ ወይ?» ሲለኝ ክው አልኩ። በእኔ ስም «ዕቃ ላነሳ ነው፣ ጎድሎኛል፣ ነገ እመልሳለሁ» ተብሎለት 12,000 ብር በማላውቀው ሰው ስም ልኳል። አሁን «ያመንኩት አንቺን ነው፤ መክፈል ያለብሽም አንቺው ነሽ» ይለኛል። ቴሌግራሙ እስካሁን ስልኬ ላይ ይከፍታል። ዕዳው በሕግ የእኔ ነው ወይ?

መልስ፦ ወደ ዕዳው ከመግባታችን በፊት የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርዎ አስደንግጣናለች። ቴሌግራሙ በእርስዎ ስልክ ላይ ይከፍታል ማለት ሌባው ወጥቷል ማለት አይደለም፤ አንድ አካውንት በብዙ ስልክ ላይ በአንድ ጊዜ ሊሠራ ስለሚችል፣ ሰውየው እስካሁን ድረስ ከጎንዎ ተቀምጦ የደንበኞችዎን መልእክት እያነበበ ሊሆን ይችላል። አሁኑኑ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው «ዲቫይስስ» የሚለውን ይክፈቱ። በአካውንትዎ የገቡት ስልኮችና ኮምፒውተሮች ሁሉ በዝርዝር ይወጣሉ፤ ከእጅዎ ካለው ስልክ በቀር ሌሎቹን በሙሉ የሚያስወጣውን ቀይ ጽሑፍ ይጫኑ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ቴሌግራም አዲስ የገባ መሣሪያ 24 ሰዓት እስኪሞላው ድረስ ቀድመው የነበሩትን እንዲያስወጣ አይፈቅድለትም። ስለዚህ ኮዱን በሰጡበት በመጀመሪያው ቀን የበላይነቱ የባለቤቱ ነው፤ ቀኑ ካለፈ ግን ሌባው ባለቤቱን ከገዛ አካውንቱ ሊያባርረው ይችላል። እርስዎን እስካሁን ያላስወጣዎት ምናልባት ዝም ብሎ መቆየቱ ስለሚጠቅመው ይሆናል። እሱን ካስወጡ በኋላ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚባለውን ተጨማሪ የይለፍ ቃል ያስገቡ፤ ይህ ካለ ኮዱን የያዘ ሰው እንኳ ያለ ይለፍ ቃሉ መግባት አይችልም። ከዚያም መልእክት መላክ ብቻውን ስለማይበቃ ለቅርብ ዘመዶችዎ በድምፅ ይደውሉላቸው፤ ጽሑፍዎን ለጊዜው ማንም ባያምን አይፈረድበትም።

የኮዱን ነገር ጠቅለል አድርገን ብንነግርዎ፣ ያ ባለ አምስት አኃዝ ቁጥር የድምፅ መስጫ ሳይሆን የቤትዎ ቁልፍ ነው። ከሥሩ ለማንም እንዳይሰጥ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ አብሮት ይመጣል፤ ችግሩ በብዙ ሰው ስልክ ላይ ማስጠንቀቂያው የሚነበበው በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ሌላው አገር እነዚህን ማጭበርበሪያዎች እየቀመሰ ተምሯል፤ እኛ ዘንድ መስመሩ ሲመለስ ትምህርቱና ፈተናው አንድ ላይ የመጡ ይመስለናል።

ወደ ዕዳው እንመለስ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 10 አሳሳች መረጃ በማሰራጨት ወይም ማንነቱን በሐሰት በመግለጽ ሌላውን ሰው አታሎ ጥቅሙን የሚጎዳ ድርጊት እንዲፈጽም ያደረገን ሰው እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና እስከ 50,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ያለ ፈቃድ ወደ ሰው አካውንት መግባት ደግሞ በአንቀጽ 3 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ሁለቱም ታስበው የሚፈጸሙ ወንጀሎች ስለሆኑ እርስዎ በወንጀል የሚጠየቁበት ምክንያት አይታየንም፤ በማጭበርበሩ የግል ተበዳዩ የአጎትዎ ልጅ፣ በአካውንቱ መደፈር ደግሞ እርስዎ ነዎት።

የፍትሐ ብሔሩ ጉዳይ ትንሽ ይለያል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው እንዲክስ ያዛል፤ የአጎትዎ ልጅ «ኮዱን አሳልፋ መስጠቷ ጥፋት ነው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ይሁን እንጂ ገንዘቡን እርስዎ አልጠየቁም፣ አልተቀበሉም፣ ገንዘቡም የተላከው በእርስዎ ስም አይደለም። እሱም ቢሆን ለማያውቀው ሰው 12,000 ብር ሲልክ ደውሎ አልጠየቀም። በእኛ ግምት ክርክሩ በፍርድ ቤት የሚጸናለት አይመስለንም፤ በዘመድ መካከል ግን ሕግ የመጨረሻው ቃል ስላልሆነ ሽማግሌ ገብቶ «ግማሽ በግማሽ» ቢል አንገረምም።

ከክርክሩ ይልቅ የሚጠቅመው ሁለታችሁም አንድ ላይ ሆናችሁ ለፖሊስ ማመልከታችሁ ነው። ባንኩ ወይም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ የሚያነጋግረው የሒሳቡን ባለቤት በመሆኑ ስለ ዝውውሩ ማመልከት ያለበት ላኪው ነው፤ የዝውውሩ ቁጥር ያለበትን አጭር መልእክት እንዳያጠፋው ንገሩት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ገንዘቡ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ የተቀባዩ ስምና ስልክ ቁጥር ግን የትም አይሄድም። ተመሳሳይ ነገር የሚገጥማቸው ሌሎች አንባቢያን በዚያው ሰዓት ከንግድ ባንክ ከሆነ ወደ 951፣ ከቴሌብር ከሆነ ወደ 127 ይደውሉ፤ ገንዘቡ ከተቀባዩ እጅ ሳይወጣ የመያዝ ዕድል ያለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው።

ጥያቄ፦ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ 21 ነው። አብሮኝ የነበረ ልጅ ከተለያየን በኋላ በፍቅራችን ጊዜ የላክሁለትን ፎቶ «ቻናል ላይ እለቀዋለሁ» እያለ ያስፈራራኛል። አንድ ጊዜ 3,000 ብር ልኬለት ነበር፤ አሁን ደግሞ ሌላ ጠይቆኛል። ቻቱን በሙሉ ሰርዤ ስልኬን ልቀይር አስቤያለሁ። ፎቶውን የላክሁት ራሴ ስለሆንኩ ፖሊስ ጋ ብሄድ እኔው የምጠየቅ ይመስለኛል።

መልስ፦ እህታችን፣ ምንም ነገር አትሰርዢ፤ ሌላ ብርም አትላኪ። የመጀመሪያው 3,000 ብር ዝምታ ቢገዛልሽ ኖሮ ሁለተኛው ባልተጠየቀም ነበር።

የአዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 የሚቀጣው የሚያስፈራራውን እንጂ የምትፈራውን አይደለም። በኮምፒውተር ሥርዓት አማካይነት ጽሑፍ፣ ምስል ወይም ድምፅ በማሰራጨት ሰውን ወይም ቤተሰቡን በከባድ አደጋ ወይም ጉዳት የሚያስፈራራ ሰው እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ነገሩ ከባድ ሲሆንም እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ስለ ተበዳዩ ወይም ስለ ቤተሰቡ መረጃ እየደጋገመ በመላክ ፍርሃትና የሥነ ልቦና ጫና ያደረሰ ደግሞ እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከባድ ሲሆንም እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስበት ይችላል። አንቺ ለአንድ ለምታምኚው ሰው በግል የላክሽው ፎቶ ለእሱ የማሰራጨት መብት አይሰጠውም።

አሁን ዋናው ሥራሽ ማስረጃ መያዝ ነው፤ ይህም የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም በቴሌግራም አንዱ ወገን የላከውን መልእክት ከሌላውም ስልክ ላይ ምልክት ሳይተው ሊያጠፋው ይችላል። «ፖሊስ ጋ ሄጃለሁ» ብለሽ ብታስጠነቅቂው የመጀመሪያ ሥራው ይኸው እንደሚሆን አትጠራጠሪ። ስለዚህ ሳትነግሪው ማስፈራሪያዎቹን በሙሉ ስክሪንሾት አንሺ፤ ስሙ፣ የተጠቃሚ ስሙና ስልክ ቁጥሩ ያለበት ገጽም፣ ቀኑና ሰዓቱም ይታይ። ከዚያ ቅጂውን ለምታምኛት ሰው ላኪ። ብር የላክሽበትን ደረሰኝም አብረሽ አስቀምጪ።

ትንሽ የሚመስል፣ ነገር ግን ቃል ሲሰጥ የሚያደናግር ነገር እናክልበት። ስልክሽ 20፡40 ካለ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2፡40 ነው፤ ስክሪንሾቱ ላይ ያለው ቀንም በፈረንጆቹ ነው። ማመልከቻሽ ላይ «ማታ 2፡40» ብለሽ ጽፈሽ ማስረጃው 20፡40 ሲል የልጁ ጠበቃ «አይመሳሰልም» ብሎ የሚይዘው ነገር አያጣም። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፊ።

ፎቶው ከተለቀቀና ስምሽን የሚያጠፋ ከሆነ፣ የዚያው የአንቀጽ 13 ሦስተኛ ንዑስ አንቀጽ ይመጣል። ይህኛው በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ነው፤ በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 213 ደግሞ አቤቱታው ድርጊቱ ወይም አድራጊው ከታወቀበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ እንዲቀርብ ያስገድዳል። «ከፈተና በኋላ፣ ከምረቃ በኋላ» እየተባለ የሚያልፈው ብዙውን ጊዜ ይህ ቀነ ገደብ ነው።

ከሕጉ ጎን ለጎን ዕድሜያቸው 18 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ «ስቶፕ ኤንሲአይአይ» የተባለ ነፃ አገልግሎት አለ። ፎቶውን ለማንም መላክ አያስፈልግሽም፤ አገልግሎቱ እዚያው ስልክሽ ላይ ከምስሉ እንደ ጣት አሻራ ያለ ቁጥር አውጥቶ ቁጥሩን ብቻ ይወስድና እንደ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ላሉ አባል መድረኮች ያስተላልፋል፤ ያ ምስል እዚያ ሲጫን ይያዛል። ከ18 ዓመት በታች ላሉት ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው «ቴክ ኢት ዳውን» ነው። አባል ያልሆኑ መድረኮች ላይ ስለማይሠራ ከፖሊስ አያስቀርም። ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ እናትሽን ወይም ታላቅ እህትሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ቤተሰብ መጀመሪያ ቢቆጣም ነገሩን ከሌላ ከሚሰማ ካንቺ መስማቱ ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ የከተማችንን ወሬ የማቀርብበት ወደ 7,000 ተከታይ ያለው የፌስቡክ ገጽ አለኝ። አንድ ሰው በውስጥ የላከልኝን ስለ ግጭት የሚያወራ ጽሑፍ ለጥፌ፣ ሐሰት መሆኑን ስረዳ በሁለት ሰዓት ውስጥ አነሳሁት። እጠየቃለሁ?

መልስ፦ ማንሳትዎ መልካም ነው፤ ነገር ግን የተደረገውን እንዳልተደረገ አያደርገውም። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን ሰው እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ የሚቀጣ ሲሆን፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት ሲሆን ግን ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ከፍ ይላል። የተከታይ ብዛት ሲጨምር ደስ የሚለው ሰው ይህን ድንበር ማለፉን ልብ አይለውም።

ወንጀል ለመሆን ግን ሐሰት መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ አሰራጩ ሐሰት መሆኑን የሚያውቅ ወይም ማወቅ የነበረበት፣ ጽሑፉም ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ከፍተኛ መሆን አለበት። አዋጁ እውነትነቱን ለማረጋገጥ በሁኔታው ተገቢ ጥረት ያደረገን ሰው ከተጠያቂነት ያወጣል። እንግዲህ ጥያቄው «ከመለጠፍዎ በፊት ማንን ጠየቁ?» የሚለው ነው። ደውለው ከሆነ የደወሉበትን፣ ጽፈው ከሆነ የጻፉበትን ያስቀምጡ። ማንንም ካልጠየቁ ደግሞ እዚያው ገጽ ላይ ጽሑፉ ሐሰት እንደነበር በግልጽ ይጻፉ፤ በዝምታ የተነሳ ወሬ በስክሪንሾት ሲዞር ማረሚያ የለውም።

ጥያቄ፦ አዘዞ ነው የምኖረው። በቴሌግራም ያገኘሁት የሥራ ማስታወቂያ የፋይዳ መታወቂያዬን ፎቶ፣ የራሴን ፎቶና «በስልክሽ የሚደርስሽን ቁጥር» ላኪ ይለኛል። ልላክ?

መልስ፦ አይላኩ። በስልክዎ የሚደርሰው ቁጥር ማንነትዎን ማረጋገጫ ስለሆነ ለሥራ ቅጥር የሚጠየቅበት ምክንያት የለም። አስቀድመው ልከው ከሆነ፣ ያለ ፈቃድዎ ማንነትዎን የሚያሳይ የኤሌክትሮኒክ መረጃ መያዝም ሆነ ማስተላለፍ በአዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 11 ወንጀል ስለሆነ ማመልከት ይችላሉ። ከዚያ በፊት ግን መታወቂያዎን ይዘው የቴሌ አገልግሎት ማዕከል ይሂዱና በስምዎ የማያውቁት ሲም ካርድ መውጣት አለመውጣቱን ያጣሩ፤ ሒሳብ ባለዎት ባንክም እንዲሁ ያስመዝግቡ።